ሙስካዴው ምላስ ቆነጠጠ፤ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ፈረንሳይ፣ ናንት ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ከአጎቱ እርሻ የመጣ ነጭ ወይን ሰጠን። «ሙስካዴ ሴቭር ኤ ሜን» ይላል፤ ከሥሩም «ሱር ሊ» የሚል ተጽፎበታል። ከፍሪጅ አውጥተን ስንቀምሰው ምላስ ቆንጠጥ አደረገ። ሽታውም ያን ያህል አይደለም። ተበላሽቶ ይሆን? ከዶሮ ወጥ ጋርስ ይሄዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትደፊው! ሬስቶራንት ሳስተናግድ ስንቱ ደንበኛ «ይሄ ገና እየፈላ ነው» እያለ መልሶልኛል። ወይኑ ግን ደህና ነበር።

ሱር ሊ የተባለው ፈልቶ ካበቃ በኋላ የብርዱን ወራት ከነአተላው ስለሚከርም ነው። ብዙዎቹ ገበሬዎች ከመሬት ሥር በተቀበረ የሲሚንቶ ገንዳ ያስቀምጡታል። ከዕቃ ወደ ዕቃ አይገለብጡትም። በጸደይ ወይም ከዚያ በኋላ በቀጥታ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከፍላቱ የተረፈች ጥቂት ጋዝም አብራ ትታሸጋለች። የቆነጠጠችሽ እሷ ናት። እንደ ቢራ አረፋ ከደፈቀ ወይም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሽታውስ? ፍሬው ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1709 ከባድ ውርጭ የአካባቢውን ወይን ካወደመ በኋላ፣ ብርድ ስለሚችል በብዛት የተተከለው እሱ ነው። ሙስካ እንደሚባለው ሌላ የወይን ፍሬ አበባ አበባ አይሸትም፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። እኔ ሙስካዴን በአፍንጫዬ አልፈርደውም። ጎንጨት አድርጊና አፍሽ ውስጥ አቆይው። መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ፖም፣ ከኋላ ጨው ጨው የሚል ነገር ይመጣል። አተላው የሰጠው የሊጥ ጣዕምም አለ። ምራቅሽ ከሞላ ገበሬው ሥራውን ሠርቷል። በጣም ከቀዘቀዘ ይሄ ሁሉ ይደበቃል፤ ከፍሪጅ አውጥተሽ ትንሽ አቆይው። 10 ዲግሪ አካባቢ በቂ ነው።

ዶሮ ወጡን ተዪው። በርበሬውና ቅቤው ይውጡታል፤ አልኮሉ እንኳ 12 በመቶ ገደማ ነው። ታላንሳክ ገበያ ሄደሽ ኦይስተር (ጥሬውን የሚበላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) ግዢ፤ የአገሩ ሰው የሚጠጣው በእሱ ነው። ጥሬ አልበላም ካልሽ (አልፈርድብሽም) የተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፤ አዋዜ አታቅርቢ።

ሌላ ሙስካዴ ስትገዢ «ክሊሶን» ወይም «ጎርዥ» የሚል የቦታ ስም ያለበትን ፈልጊ። እነዚህ ከአተላው ጋር ከሁለት ዓመት በላይ ስለሚቆዩ ወፈር ይላሉ። ዋጋቸውም ከፍ ይላል፤ ለእኔ ግን ያዋጣል። የተረፈሽን ክደኚና ፍሪጅ መልሺው፤ እስከ ነገ ወዲያ ይጠጣል።