መልስ፦ ወደ ታዝማኒያ የተጋዘው ልጅ ዱካ

የ12 ዓመቱ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1836 ለንደን ላይ ተፈርዶበት የእንግሊዝ እስረኞች ይጋዙባት ወደነበረችው የአውስትራሊያ ደሴት፣ ታዝማኒያ፣ ከተላከ በኋላ ዱካው ጠፋብኝ ላልሽው፦ ስሙን ብቻ ይዘሽ አትፈልጊ፣ የወሰደውን መርከብ ስም ያዢ።

1. ከኦልድ ቤይሊ (የለንደን የወንጀል ፍርድ ቤት) የችሎት ዘገባ የተፈረደበትን ቀን አውጪ።
2. ያንን ቀን ይዘሽ ዲጂታል ፓኖፕቲኮን በተባለው የእስረኞች መዛግብት ድረ ገጽ ላይ መርከቡን ፈልጊ።
3. የታዝማኒያ ቤተ መዛግብት የስም ማውጫ ውስጥ ግቢ፤ በነጻ ነው። እስረኛ ሳለ የተያዘበትን የጠባይ መዝገብ ክፈቺ። ጥፋቱም ቅጣቱም በእጅ ጽሑፍ ተጨናንቆ ሰፍሯል። «ፖይንት ፒወር» የሚል ካየሽ፣ ከ1834 እስከ 1849 ወንድ ልጆች የታሰሩበት፣ እዚያው ታዝማኒያ ውስጥ ከፖርት አርተር የእስረኞች ሰፈር ማዶ ያለ ስፍራ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ ሞክሼውን ስከተል ወራት አቃጥያለሁ። ያወጣኝ የመልክ መግለጫው ነው፤ ቁመቱ፣ የትውልድ ቦታው፣ ክንዱ ላይ የተነቀሰው ፊደል። ዕድሜው ላይ አትደገፊ፣ ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል።