የትኛው አገር ይሻላል ለምትሉኝ የደን ተማሪዎች

ውድ ልጆች፣

ሰሞኑን አንዲት የደን ምሩቅ «ለማስተርስ ጀርመን ይሻለኛል ወይስ ፊንላንድ?» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም «ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የምትለኪው ጫካ የትኛው ነው?» ብዬ መለስኩላት። ገና አላሰበችበትም። ይኸው ጥያቄ፣ ባስታወስኩት ቁጥር የሚያንገበግበኝን አንድ የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ቀሰቀሰብኝ። ወደ አገር ምርጫው ከመግባቴ በፊት እሱን ላስረዳችሁ።

ተማሪው ጎበዝ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚሰጡት ፕሮግራም ተምሮ፣ ለመመረቂያው አገር ቤት መጥቶ በአንድ ተራራማ የተፈጥሮ ደን ውስጥ የካርቦን ክምችት ለካ። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ከግርጌ ለጥ ባለው መሬት ላይ ያለው ደንና ከላይ ገደሉ ላይ ያለው በምን ይለያያሉ? የናሙና ቦታዎቹ ክብ ናቸው፤ ሬዲየሳቸው 12.62 ሜትር፣ ስፋታቸው 500 ካሬ ሜትር። ከመሃሉ ካስማ ሜትር ዘርግቶ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ሁሉ መለካት ነው። ለጥ ባለው መሬት ላይ ምንም ችግር የለበትም። ገደሉ ላይ ግን ሜትሩን መሬት ለመሬት፣ ሽቅብና ቁልቁል ዘረጉት። የደን ስፋት የሚቆጠረው በአግድም፣ ካርታ ላይ እንደሚታየው ነው። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ መሬት ለመሬት የተለካው 12.62 ሜትር በአግድም 10.93 ብቻ ይሆናል። ክብ ነው ያሉት ቦታ ሞላላ ሆነ፤ ስፋቱም ወደ 433 ካሬ ሜትር ወረደ። እነሱ ያሰሉት ግን በ500 ነው። በሄክታር የሚገኘው የዛፍ ቁጥር በ13 በመቶ ገደማ አነሰ ማለት ነው።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ሰው ይነቃበት ነበር። የዛፉን ቁመት የወሰዱት በሱንቶ ክሊኖሜትር (ጫፉንና ግርጌውን አይቶ ቁመት የሚነበብበት የእጅ መሣሪያ)፣ ከግንዱ 20 ሜትር ርቀው ነው። ያንንም 20 ሜትር የለኩት ተዳፋቱን ተከትለው ስለሆነ እውነተኛው አግድም ርቀት 17.3 ሜትር ነበር። ከመሣሪያው የሚነበበው ቁጥር የሚሠራው አግድም ርቀቱ 20 ነው ብሎ ነውና እያንዳንዱ ዛፍ በ15 በመቶ ገደማ ረዘመ። እንግዲህ ሁለቱን ስህተቶች አገናኟቸው። የዛፉን ባዮማስ፣ ማለትም የደረቅ ክብደቱን፣ ለመገመት የተጠቀመበት ቀመር ሻቭ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው፤ የእንጨቱን ጥግግት፣ የዲያሜትሩን ካሬና ቁመቱን አባዝቶ፣ ውጤቱን ወደ 0.976 ኃይል አንስቶ በ0.0673 ማባዛት። ቁመት በ15 በመቶ ሲረዝም ባዮማሱም በዚያው መጠን ያብጣል፤ ከስፋቱ ስህተት የጎደለውን 13 በመቶም ይሞላዋል። ወረቀት ላይ ሥሩት፤ የመጨረሻው ልዩነት ከግማሽ በመቶ በታች ነው። የካርቦኑ ድምር አለመጠን ያማረና የሚታመን ሆኖ ወጣ። አንዱ ሐሰት ለሌላው ምስክር ቆመለት።

ጉዳቱ የታየው ትንታኔው ላይ ነው። ከላይ ያለው ደን «ዛፎቹ ጥቂት፣ ግን ረጃጅም» ሆነው ስለተገኙ፣ ለዚህ ምክንያት ሲፈለግ ስለ ብርሃን ሽሚያ፣ ስለ ጭጋግ እርጥበት፣ ስለ ድሮ ቆረጣ ገጽ በገጽ ተጻፈ። ያ ሁሉ ማብራሪያ የቆመው ሜትሩ በተዘረጋበት መንገድ ላይ ነበር። ፈታኙ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተዳፋቱ ስንት ነበር?» የመስክ ቅጹ ላይ ደግሞ የተዳፋት ዓምድ የለም። ያ ዓምድ ቢኖር ቢሮ ተቀምጦ በኮሳይን ማረም የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በ30 ሜትር ጥራት የተሠራው የሳተላይት የከፍታ ካርታ ግምት ይሰጥ ይሆናል፤ ወርዱ 25 ሜትር ለሆነ የናሙና ቦታ ግን ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ተመልሶ እንዳይለካ ስኮላርሺፑ ሊያልቅ ደርሷል። ዲግሪው ተሰጠው፤ ጽሑፉ ግን ለኅትመት ሳይበቃ ቀረ። እንዲያ የተደከመበት መረጃ ሜዳ ላይ ሲቀር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ተዳፋቱ ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ቁጥር መዝግቡት፤ አርሙትም። ሜትሩን በደረጃ በደረጃ አግድም ይዞ መዘርጋት አንድ መንገድ ነው። አለዚያም በተዳፋቱ አቅጣጫ ርቀቱን ማስረዘም ነው፤ በ30 ዲግሪ ላይ 12.62 የነበረው 14.57 ይሆናል፤ በአግድሙ በኩል ግን እዚያው 12.62 ላይ ይቆያል። ቁመት ስትወስዱ ከተቻለ ከዛፉ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሆናችሁ፣ ተራራውን አግድም ይዛችሁ ራቁ፤ ማረሚያ እንኳ አያስፈልጋችሁም። ዲያሜትር በ1.3 ሜትር ላይ እንደሚለካ፣ ተዳፋት ላይ ከዛፉ የላይኛው ወገን እንደሚለካ ታውቃላችሁና አልደግመውም።

እግረ መንገዴን ስለ ቅጹ አንድ ነገር ልጨምር። መረጃ መዝጋቢው «ጥድ» ብሎ ከጻፈ የቱን ጥድ ነው? የሐበሻው ጥድና የፈረንጁ ጥድ ዝርያቸውም የእንጨታቸው ጥግግትም ይለያያል፤ አንዱ አገር በቀል፣ ሌላው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ኮምፒዩተሩ ፊት ስትቀመጡ ማን ያስታውሳችኋል? የሳይንስ ስሙን እዚያው ጫካ ውስጥ ጻፉ፤ ካልታወቀ ቅጠሉን፣ ከተገኘም አበባውንና ፍሬውን በጋዜጣ መሃል አድርቃችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ውሰዱ። የዛሬ ልጆች ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራምና አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ጣታችሁ ይበራል፤ የግንድ ውፍረት የሚለካበት ካሊፐር ግን ይከብዳችኋል። ይህን የምለው ደግሞ አርን ንቄው አይደለም። ሳይችሉት የሚሄዱ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ሴሚስተር በስታቲስቲክስ ሲንገዳገዱ ያሳልፉታል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩት።

አሁን ወደ ጊዜ ሰሌዳው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የአውሮፓ ማስተርስ በተለምዶ ሁለት ዓመት፣ 120 ክሬዲት ነው፤ የመመረቂያው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ 30 ክሬዲት፣ ማለትም አንድ ሴሚስተር። ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስለሚውል ተማሪው በዚያን ጊዜ አገር ቤት መጥቼ ልለካ ይላል። ያኔ ደጋው ክረምት ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የሳተላይቱ ምስልም በደመና ይሸፈናል። ለደጋ ደን የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ገበሬ የምታነጋግሩ ከሆነ ደግሞ ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ይሻላል፤ አጨዳ ላይ ያለን ሰው የሁለት ሰዓት መጠይቅ ይዛችሁ አታስቁሙት። ይህ ወቅት አውሮፓ ውስጥ የሦስተኛው ሴሚስተር ፈተና የሚሰጥበት ነው። እንግዲያው ከአማካሪያችሁ ጋር ስለ መስክ ሥራው መነጋገር ያለባችሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚሄደው የድጋፍ ደብዳቤም ሳምንታት ይበላል። ደኑ በአሳታፊ የደን አያያዝ ሥር ከሆነ፣ ደኑን የሚያስተዳድረውን የአካባቢውን ነዋሪዎች ማኅበር ሳታስፈቅዱ አትግቡ። አፈር ጭናችሁ አውሮፓ ላስመርምር ብላችሁም አትነሱ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ካለ አገር አፈር ማስገባት ያለ ልዩ ፈቃድ ክልክል ነው። እዚሁ አስመርምሩ።

ሌላው በዝምታ የሚያልፍ ስህተት ካርታ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ሽፋን ካርታ ዛፍ የሚለው ከ5 ሜትር በላይ የሆነውን ነው። ኢትዮጵያ ለደን ያስቀመጠችው መለኪያ ግን 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ነው፤ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ደግሞ 5 ሜትርና 10 በመቶ። ቁጥቋጦ የሚበዛበትን ቆላ በሜሪላንዱ ካርታ ስትሠሩት ደኑ ሳይጨፈጨፍ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

አገሩ ለውጥ የለውም ያልኩ አስመስያለሁ። ለውጥ አለው። ሥራችሁ የሐሩር አካባቢ ደን ከሆነ ድሬስደን አጠገብ ያለችው ታራንት አለች፤ ሃይንሪሽ ኮታ እ.ኤ.አ. በ1811 የደን ትምህርት ቤቱን ያዛወረባት ከተማ ናት፤ ትሮፒካል ፎረስትሪ የሚባል ማስተርስም ይሰጥባታል። ስለ መተማ የዕጣን ዛፍ ማጥናት የሚፈልግ ግን፣ የእኔን አስተያየት ከተቀበለ፣ ሜድፎር የሚባለውን የሜዲትራኒያን ደን ፕሮግራም ይመልከት፤ የሊዝበን፣ የሌይዳ፣ የፓዶቫና የቫያዶሊድ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉበት ጥምረት ነው። ስፔኖች ጥዳቸውን እየበጡ ሙጫ ይሰበስባሉ፣ ፖርቱጋሎች የቡሽ ዛፍ ልጣጭ ይገፋሉ፤ ዛፉን ሳይገድሉ ከዛፍ መኖር ለዕጣን ሰብሳቢ እንግዳ አይደለም። በፊንላንዷ ዮኤንሱ ከተማ ያለው የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚያስተምረው ግን በዋናነት የራሱን ቀዝቃዛ ደን ነው። ባሕር ዛፍና ፈረንጅ ጥድ ተክሎ ለፋብሪካ ማቅረብ ለሚያስብ ሰው ግን እሱም ይጠቅማል።

ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ለሚሰጡት ማስተርስ የአውሮፓ ኅብረት የሚከፍለው የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ፣ እስከ 24 ወር ነው፤ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ጉዞና ቪዛ ግን ከዚያው ገንዘብ ላይ ነው። ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይከፈታል። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጠው ለተወሰኑ ዙሮች ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ቢኖርም ዘንድሮ ስኮላርሺፕ እንዳለው ጠይቁ። ዳድ የሚባለው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ ድርጅት ለልማት ነክ ማስተርስ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪውም ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። አገር ስትቀይሩ የመኖሪያ ፈቃድም ይቀየራል፤ ዴንማርክ ተማሪዎችን በቀላሉ በሚያዘዋውረው የኅብረቱ መመሪያ ውስጥ ስለሌለች መንገዱ በእሷ በኩል ከሆነ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጀምሩ።

ስለ ሰነድ ሁለት ነገር ብቻ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከኮስት ሼሪንግ ክፍያ ጋር የተያያዘ ነውና ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር በር ላይ አትሰለፉ። ሁለተኛው ስም ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ሰነድ በላቲን ፊደል በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። ሁሉንም እንደ ፓስፖርታችሁ አድርጉት፤ ማስተካከል ካልተቻለ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው አጽፉ። «ፎርም እንሞላለን» ለሚል ደላላ ብር መክፈል ግን ምን የሚሉት ነው? ደን የሚመራ ሰው ፎርም መሙላት አቃተው?

ሞቲቬሽን ሌተራችሁን ማሽን ሲጽፍላችሁ ሁሉም «ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ» ይላል። አንባቢው ከሁለተኛው መስመር አያልፍም። ይልቅስ አንድ ቦታ ያዙ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማን ውሰዱ፤ ገበሬው አካሺያ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ ቀጥሎ በመሃሉ ሣር ያጭዳል፣ በአምስት ዓመት ገደማ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶ ዛፉን ያደርቅበት ጀመር። ዛፉ የደረቀበት ገበሬ መሬቱን ምን አደረገው? መልሶ ጤፍ ዘራ ወይስ ባሕር ዛፍ ተከለ? የአፈሩ አሲድነትስ ወዴት ሄደ? ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ፣ ስንት ማሳ እንደምትለኩ፣ በየትኛው ወር እንደምትለኩ፣ የትኛው መምህር በዚያ ጉዳይ ላይ እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጻፉ። የማሳውን ተዳፋት የሚመዘግብ ዓምድ ቅጹ ላይ እንዳለም አንድ መስመር አክሉበት።