ኬሞ ያልሰጧት ተስፋ ቆርጠውባት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። እናቴ ውስጥ እግሯ ላይ ወደ ተረከዟ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረባት፣ እሾህ ወግቷት ቀርቶ ነው እየተባለ ዓመታት አለፈ፣ ዘንድሮ ሰፋ ሲልና ዳር ዳሩ ሲዥጎረጎር ሆስፒታል ወሰድናት። ናሙና ተወስዶ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ፣ ከዛ ድጋሚ ሰፋ አርገው ቆርጠው ከጭኗ ቆዳ ወስደው ለጠፉላት። ወረቀቱ «ብሬስሎው 0.6 ሚ.ሜ፣ አልቆሰለም፣ ዳሩ ንጹህ» ይላል። ኬሞም ጨረርም የለም፣ በየ6 ወሩ ብቅ በሉ ብለው ሸኙን። ጎረቤት ደግሞ ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል እያለ እንቅልፍ ነሳት። አዲስ አበባ ወስጄ ሲቲ ስካን ላስነሳት?
ከሄርማታ

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ኬሞ ያልሰጧቸው ስላላስፈለጋቸው ነው፣ በዚህ ደረጃ ላለ ሜላኖማ ዋናው ህክምና ራሱ ኦፕራሲዮኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ተሰርቷል።

ወረቀቱ ላይ ብሬስሎው የተባለችውን ያቺን 0.6 ልብ በያት። ካንሰሩ ከቆዳው ላይ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ በማይክሮስኮፕ የተለካ ነው፣ ከ0.8 በታች ሆኖ ካልቆሰለ ቀጭን ከሚባሉት ይመደባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ንፍፊት አውጥቶ መመርመር እንኳን አይጠየቅም። «ዳሩ ንጹህ» ማለት ደግሞ የተቆረጠው ቆዳ ዳር ላይ ካንሰር አልታየም ማለት ነው። ሁለቴ የተቆረጡትም ሌላ ነገር ተገኝቶ አይደለም፣ መጀመሪያ ምንነቱ ይታወቃል ከዛ በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ይነሳል፣ አሰራሩ እንደዛ ነው።

የብረቱን ወሬ እኔም ሰልችቶኛል! ሰው እብጠቱን ደብቆ ደብቆ ከተሰራጨ በኋላ ይመጣል፣ ይቀደዳል፣ ከዛ ሲሞት ምላጩ ይከሰሳል። እናትሽ ጋ ገና ቀጭን እያለ ነው የተነሳው።

ሲቲ ስካን ምልክት ለሌለበት ቀጭን ሜላኖማ አይመከርም። ብርሽን ትጨርሺና ስካኑ አንድ የማይረባ ጥላ ያሳይሽና ስለሱ ደግሞ ሌላ ወር ትጨነቂያለሽ። ገንዘቡን ለቀጠሮው መመላለሻ ያዢው፣ የፓቶሎጂውን፣ ማለት የናሙናውን ውጤት ወረቀት ደግሞ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ሌላ ሀኪም ጋ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ቀጠሮው ግን እንዳይቀር፣ የእግር ሜላኖማ ትንሽ ተንኮለኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት በየ6 ወሩ ወይ በዓመት፣ ከዛም በዓመት አንዴ መታየት የተለመደ ነው። ሀኪሙ ጠባሳውን ያያል፣ ከጠባሳው እስከ ብሽሽት ያለውን ቆዳ በእጁ ይዳብሳል፣ ከጉልበት ጀርባና ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይፈልጋል፣ መዳፍና ጥፍርም ያያል። ይሄንኑ ቤት ውስጥ በወር አንዴ ገላቸውን ከታጠቡ በኋላ አንቺ እይላቸው፣ ውስጥ እግርን ለራስ ማየት ይቸግራል። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣውን ንፍፊት ታውቂዋለሽ፣ ያማል፣ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል። የሚያስፈራው የማያመው፣ ጠጠር ያለው፣ ከ2 ሳምንት በላይ ቆይቶ የሚያድገው ነው። እሱን ካገኘሽ ወይ ጠባሳው አጠገብ አዲስ ጥቁር ነጥብ ወይ እንደ ዶቃ ያለ ጉብታ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ይዘሻቸው ሂጂ።

ፀሐይ ነው ያመጣው ብለው ቤት ዘግተው እንዳይቀመጡ ደግሞ። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚወደው ፀሐይ የማያየውን ቦታ ነው፣ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ቦብ ማርሌይን እ.ኤ.አ. በ1981 የገደለው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር የተነሳው ነው። ፀሐይ ክፉኛ የሚጎዳቸው አልቢኒዝም (ሲወለዱ ጀምሮ የቆዳ ቀለም እጥረት) ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው፣ የነሱን ጉዳይ ራሱን አስችለን እንጽፋለን።

የተለጠፈው ቆዳ በደንብ ላይሰማው ስለሚችል ጠጠር ቢወጋቸው ላያውቁት ይችላሉ፣ በባዶ እግር አይሂዱ፣ ኮንጎ ጫማም ላብ ይይዛልና ለስለስ ያለ ሽፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ይሻላል፣ ማታ ማታ ደግሞ እግራቸውን ገልበጥ አርገሽ እይው።