የነርቭ መሰል ሴሎች ሳህን በጠፍጣፋ ሴሎች ሲሞላ

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የባዮሜዲካል ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ የተባሉትን በላብራቶሪ የሚራቡ የሰው ካንሰር ሴሎች ወደ ነርቭ መሰል ለመቀየር 5 ቀን ሬቲኖይክ አሲድ (የቫይታሚን ኤ ዝርያ)፣ ከዚያ ያለ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ቢዲኤንኤፍ የተባለውን የነርቭ ሴሎች ማሳደጊያ ፕሮቲን እሰጣለሁ። ክር የሚያወጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሚዲያ (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ ምግብ) ስቀይር ይነቀላሉ። ሳህኑን የሚሞሉት ጠፍጣፎቹ ናቸው። ሚዲያውም ኢንኩቤተር ውስጥ እያለ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ጠፍጣፎቹ ከውጭ የገቡ አይደሉም። የሴል ላይኑ (የዚህ የሴል ዘር) ምንጭ በ1970 እ.ኤ.አ. ከአንዲት የ4 ዓመት የኒውሮብላስቶማ (የሕፃናት የነርቭ ካንሰር) ታማሚ የተወሰደ የመቅኒ ናሙና ሲሆን፣ ዛሬም ነርቭ መሰልና ጠፍጣፋ ሴሎች ተቀላቅለው ይኖሩበታል። ሬቲኖይክ አሲድ ነርቭ መሰሎቹን ከመራባት ያቆማቸዋል፤ ጠፍጣፎቹ ግን መከፋፈላቸውን ይቀጥላሉና ቦታውን ይወርሳሉ። ስለዚህ ከ15 ፓሴጅ (ወደ አዲስ ሳህን የመዛወር ዙር) በታች ካለ ሴል ይጀምሩ። ነርቭ መሰሎቹ አያያዛቸው ላላ ያለ በመሆኑ ሴል የሚያላቅቀውን ኢንዛይም፣ ትሪፕሲኑን፣ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥረው ፍላስኩን መታ መታ ሲያደርጉ ቀድመው ይለቃሉ፤ እነሱን ወስደው የቀረውን ይተዉት። ሚዲያ ላይ የሚንሳፈፉትን አይድፏቸው፤ ብዙዎቹ በሕይወት ያሉ ናቸው፣ በሴንትሪፊውጅ ሰብስበው ይመልሷቸው።

ሬቲኖይክ አሲድ ብርሃን ያበላሸዋል። ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ 10 ሚሊሞላር አዘጋጅተው፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለውና በፎይል ጠቅልለው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስቀምጡት። ከሱ 1 ማይክሮሊትር ለ1 ሚሊሊትር ሚዲያ 10 ማይክሮሞላር ይሰጣል። በየ48 ሰዓቱ አዲስ ይጨምሩ፤ 0.1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ብቻ ያገኘ ማነጻጸሪያ ሳህንም ይኑርዎት።

የሚነቀሉት ሴረም ሲቀር የሚይዙት ስለሚያጡ ነው። ሴል ከመዝራትዎ በፊት ሳህኑን ሴል በሚይዘው ፕሮቲን፣ በኮላጅን 1፣ ይቀቡ። ቢዲኤንኤፍ በሚሊሊትር 50 ናኖግራም ይበቃል፤ ሚዲያውን ግን ግማሹን ብቻ፣ በሳህኑ ግድግዳ በኩል ቀስ እያሉ ይቀይሩ።

ሐምራዊው ቀለም ሚዲያው አልካላይ መሆኑን፣ ማለትም ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ማለቱን ያሳያል፤ ምክንያቱ የደሴ ከፍታ ሊሆን ይችላል፤ መመሪያዎቹ የተጻፉት ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። በ2,500 ሜትር ገደማ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ኢንኩቤተሩ ላይ 5 በመቶ የተሞላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ሚዲያውን አሲዳማ የሚያደርገው ጋዝ) የሚሠራው እንደ 3.7 በመቶ ነው፤ ፒኤቹም በ0.1 ያህል ከፍ ይላል። ወደ 6.7 በመቶ ከፍ አድርገው፣ ሴል የሌለበት ሚዲያ ክዳኑን አላልተው ያሳድሩና ጠዋት እንዳወጡት ፒኤቹን ይለኩ፤ 7.4 አካባቢ እስኪሆን ያስተካክሉ። የደሴ ጎረቤት ኮምቦልቻ በከፍታ ዝቅ ስለምትል ይህ ቁጥር እዚያ ይበዛል።

ሴሎቹ ነርቭ መሰል መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቤታ 3 ቱቡሊን በተባለው የነርቭ ሴል ምልክት ፕሮቲን ብቻ አይርኩ፤ ያልተለወጡት ሴሎችም አላቸው። ሌሎቹን የነርቭ ሴል ምልክት ፕሮቲኖች፣ ማፕ2ንና ሲናፕቶፊዚንን፣ ይጨምሩበት፣ የክሮቹንም ርዝመት ከማነጻጸሪያው ሳህን ጋር ይለኩ።