ስኳር፣ ወተትና ስጋ ላቁም ወይ ላልሽው

እናትሽ የጡት ካንሰር ይዟቸው ስለነበር «እኔም እንዳይዘኝ ስኳር፣ ወተትና ስጋ ላቁም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሽታው ይዞኝ ታክሜ የዳንኩ ሰው ነኝ፣ በምግብ ጉዳይ ደግሞ ሐኪሞቼን አሰልችቻቸዋለሁ።

ስኳሩን በተመለከተ ተረጋጊ። «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» እየተባለ ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ሰው ከማስፈራራት ያለፈ ጥቅም የለውም። ጤነኛውም ሴል፣ ካንሰሩም ግሉኮስ የሚባለውን የስኳር ዓይነት ይጠቀማል፣ እንጀራ ብትበዪም ሆድሽ ውስጥ ያው ግሉኮስ ነው የሚሆነው። ቡናሽን መራራ ስለጠጣሽ የሚራብ ካንሰር የለም። ስኳር የሚጎዳው ዞሮ ዞሮ በውፍረት በኩል ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚመረተው ከሰውነት ስብ ነው፤ ስቡ ሲጨምር ሆርሞኑም ይጨምራል፣ አብዛኛው የጡት ካንሰር ደግሞ የሚያድገው በዚሁ ሆርሞን እየታገዘ ነው። ስለዚህ ለስላሳና ኬክ ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ በቃ።

ወተት ላይ ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፣ ለማቆም የሚያበቃ ነገር የለም። አኩሪ አተርም «ካንሰር ያመጣል» ተብሎ በከንቱ ነው ስሙ የጠፋው። ስጋ ላይ ጠንካራው ማስረጃ ያለው እንደ ሞርታዴላ ባሉት የተቀነባበሩ ስጋዎች ላይ ነው፣ እሱም ለአንጀት ካንሰር ነው። ቅባት መቀነስስ ካልሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ48,000 በላይ ያረጡ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አውጥተው ነበር። ቅባት የቀነሱት ካልቀነሱት በ9 በመቶ ያህል ያነሰ በጡት ካንሰር ተይዘዋል፣ ግን ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ስለሆነ እርግጠኛ መሆን አልተቻለም።

አሁን ማንም የማይጠይቀው ነገር፦ መጠጥ። ከምንበላውና ከምንጠጣው ሁሉ ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነቱ በደንብ የተረጋገጠው አልኮል ነው። በቀን 10 ግራም አልኮል፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ያነሰ፣ የመያዝ ዕድልን ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። ከመቶ ጠጪ አስሩ ይያዛሉ ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ከነበረሽ ዕድል ላይ ነው የሚጨመረው። ወይን ይሁን ጠጅ ያው አልኮል ነው። (ሰርግ ላይ «እኔ ወይን ብቻ ነው የምጠጣው» የምትሉ፣ ሰምታችኋል?) ወተት ትታ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራዋን የማትተው ጓደኛ አለችኝ፣ ብነግራት ትስቃለች።

ጾም ይከላከላል ወይ ያልሽው፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ጥሩ ምግብ ነው። ግን ጾም እየጾሙ በሳምቡሳና በቦንቦሊኖ መወፈርም አለ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለችውን ሴት ቤተሰብ «እንቁላል አትብዪ፣ ስጋ አትንኪ» እያለ በርሃብ ሲያደክማት አይቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ፕሮቲን የሚያስፈልጋት! ጥሬ ስጋና ሌብ ሌብ ክትፎ ብቻ ይቅርባት፣ ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባል። ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ ምናምን የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሟ ትንገር፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ያንቺ ጉዳይ ከሳህኑ ይልቅ ቤተሰብሽ ላይ ነው። እናትሽ የታመሙት ከ50 ዓመት በታች ሆነው ነው? አክስት ወይ አያት ጡት ወይም እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል) ላይ ካንሰር ነበረባቸው? ከሆነ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ መቼ መጀመር እንዳለብሽ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ፤ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ሰው ቀደም ብለሽ ጀምሪ ይሉሻል። ጡትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ ደግሞ «አያመኝም» ብለሽ አትቀመጪ፣ የእኔም አያምም ነበር። እናትሽ ሲታመሙ የነበሩበትን ዕድሜ እዚሁ ጻፊልኝና እንነጋገር።