«በሐኪም ቢሆንስ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሴት ልጅ ከወለድኩ አራተኛ ቀኔ ነው። አማቴ «በስምንተኛው ቀን ትገረዝ» ብለዋል። ባለቤቴ ደግሞ ጤና ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ በንጹሕ መሣሪያ ያድርገው ይላል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። መሣሪያው ቢቀቀልም የሚቆረጠው አካል ያው ነው። ቦታው ደም ሥር ስለሚበዛበት ደሙ ቶሎ አይቆምም። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ጨቅላ በሰውነቷ ያለው ደም በሙሉ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ የውኃ ብርጭቆ ነው። ለአዋቂ ምንም የማይመስል ጥቂት ማንኪያ ደም እሷን ለአደጋ ይጥላታል። ጤና ሚኒስቴርም ባለሙያ እንዳይፈጽመው ከልክሏል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ገራዡን ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል (ብሩ ለዛሬ ገበያ ምንም አይደል)፤ አንቀጽ 569 የተባበረ ወላጅንም ይቀጣል።

ለአማትሽ ግን ሕጉን አታስቀድሚ፤ ያኮርፋሉ። መጀመሪያ ባልሽን ያዢ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለድኅረ ወሊድ ክትትል በሰባተኛው ቀን እንድትመጣና አማትሽ ባሉበት እንድታስረዳ ጠይቂያት። የሚሰሟቸው ሼህ ወይም ቄስ ካሉም አስጠሪ። በዚያ ሰሞን ልጅቷን ትተሽ ከቤት አትውጪ።

ሳታውቂ ከተደረገባት አመድ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አይነካት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጫኚው፤ ደሙ ቆመ ወይ እያልሽ ሳትገልጪ፣ እንደተጫንሽው ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ደሙ ቆሞም ከቀናት በኋላ መጥባት ካቃታት ወይም ሰውነቷ ከተገተረ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን አታሳድሪያት።