ከ8ኛ ወደ 9ኛ፦ ከባነሩ በፊት ደብተሩን እዩ

የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች ስለ 9ኛ ክፍል ይበዛሉ። ስለ ሀዋሳ ትምህርት ቤቶች ከደረሱን መካከል የሌሎቹንም ጥያቄ የሚነኩ ሦስት መርጠናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ጎበዝ ናት፣ በተለይ ሒሳብ ላይ። ቤታችን አቶቴ ነው። ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች አይተናል። አንደኛው በሩ ላይ «በ12ኛ ክፍል 100% አሳልፈናል» የሚል ባነር ሰቅሏል፣ ሕንጻውም ያምራል። ሁለተኛው አነስ ያለ ነው፤ ስለ ውጤቱ ብዙም አይወራም። የመንግሥቱ ደግሞ በእግር 15 ደቂቃ ነው። ባለቤቴ ባነር የሰቀለው ይሁን ይላል፣ እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። በምን እንለይ? (የአንዲት ልጅ እናት)

መልስ፦ ልብዎ ያልቆረጠው በምክንያት ነው። «መቶ በመቶ» የሚለው ቃል ከስንት ተማሪ መቶ በመቶ እንደሆነ አይናገርም። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ መሀል ያስፈተናቸውን ሁሉ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶችም በእርግጥ አሉ። እርስዎ ማጣራት ያለብዎት ይኼኛው ከነሱ አንዱ መሆኑን ነው።

ርዕሰ መምህሩን ሦስት ቁጥር ይጠይቁ። አምና 12ኛ ክፍል ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ? እነዚያው ልጆች 10ኛ ክፍል ሳሉ ስንት ነበሩ? ከ600 ውስጥ 300ና ከዚያ በላይ ያመጡት ስንት ናቸው? ለምሳሌ 10ኛ ክፍል ላይ 46 የነበሩት 12ኛ ሲደርሱ 20 ከሆኑ፣ ሃያውም ቢያልፉ 26ቱ የት ሄዱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቤተሰብ ሊዛወር ይችላል፣ ክፍያ የከበደውም ይኖራል። ነገር ግን ደከም ያለውን ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ «ሌላ ቦታ ይሻለዋል» እያሉ በመሸኛ ማሰናበትም አለ። ልጅዎ ዛሬ ጎበዝ ብትሆንም በ15 ዓመቷ አንድ መጥፎ ሴሚስተር ሊገጥማት ይችላል፤ ያኔ የሚሸኛት ሳይሆን የሚያግዛት ቤት ነው የሚያስፈልጋት። ሦስተኛው ቁጥርም ያለ ምክንያት አልተጨመረም፤ ሬሜዲያል (ከግማሽ በታች ላመጡ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) የገቡትን ጭምር «አሳለፍናቸው» ብለው የሚቆጥሩ አሉ። ቁጥሩን ሳያመነታ፣ ከመዝገብ አውጥቶ የሚያሳይ ትምህርት ቤት ውጤቱ መካከለኛ ቢሆን እንኳ እምነት ይጣልበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምንመክርዎ ግን ደብተር ማየት ነው። በሰፈሩ አሁን በሁለቱም ትምህርት ቤቶች 9ኛ ክፍል የሚማር ልጅ አይጠፋም። ወላጁን አስፈቅደው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተሩን ለአንድ ምሽት ይዋሱ። የሚሻለው ጊዜ የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ሊያልቅ ስለሆነ የተማሩትም ያልተማሩትም ይታያል።

መጀመሪያ ቀኖቹን ይመልከቱ። በሳምንት አራት አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው ሒሳብ ከጥር እስከ መጋቢት ስድስት ቀን ብቻ ተጽፎበት ከሆነ ወይ ልጁ ቀርቷል ወይ መምህር አልነበረም። አንድ ደብተር ስለማይፈርድ ሁለተኛ ልጅ ይጨምሩ፤ ክፍተቱ በሁለቱም ደብተር ላይ በተመሳሳይ ቀን ከታየ የጠፋው መምህሩ ነው። ቀጥለው የመማሪያ መጽሐፉን ማውጫ ከጎን ያስቀምጡ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ከስብስብ ተነስቶ በስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ነው የሚያልቀው፤ ቬክተር ወደ ኋላ ይመጣል። ዓመቱ ሲያጥር የሚዘለሉት እነዚሁ የኋለኞቹ ናቸው፤ ጉዳቱ ደግሞ የሚታየው በማግሥቱ ዓመት ፊዚክስ ላይ ነው። ኃይልን በአቅጣጫ መክፈል ያልቻለ ልጅ «ፊዚክስ አይገባኝም» ሲል የጎደለው ፊዚክሱ ሳይሆን ያኔ የተዘለለው ምዕራፍ ነው።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጉ። የእርማት ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ተከብቧል? ልጁስ ታርሞ ሲመለስለት ደግሞ ሠርቶታል? በእንግሊዝኛው ደብተር ልጁ በራሱ ቃል የጻፈው አንድ ሙሉ አንቀጽ ካጡ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ከርሟል ማለት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከቋንቋዎቹ በቀር የሚማሩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን በቀላሉ አይለፉት።

መምህራንን በተመለከተ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ቋሚ ነው ወይስ በትርፍ ሰዓቱ የሚመጣ? እዚህስ ስንት ዓመት ቆየ? ጠንካራውን መምህር ለ12ኛ አስቀርቶ 9ኛን ለአዲስ ተቀጣሪ መስጠት የተለመደ ነው፤ መሠረቱ የሚጣለው ግን 9ኛ ላይ ነው። የትርፍ ሰዓት መምህር ችሎታው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው መደበኛ ሥራው ፈተናና ስብሰባ ሲኖረው የእናንተ ክፍለ ጊዜ ይታጠፋል።

ቤተ ሙከራውን በእግርዎ ገብተው ይዩት። ቧንቧውን ከፍተው ውሃ ይወርድ እንደሆነ ይመልከቱ። ማይክሮስኮፑ በላስቲክ ተሸፍኖ አቧራ ከጠጣ ለጎብኚ ብቻ የቆመ ነው። የሙከራ ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ አምና በዚህ ሳምንት ምን ሠርታችሁ ነበር ብለው ይጠይቁ።

የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ገና ሳያዩ አይጣሉት። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በክፍል 40 ተማሪ ነው፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ላይ ከዚህ ሲበልጥ፣ አንዳንዴም በፈረቃ ሲያስተምር ይገኛል። በሌላ በኩል ለትምህርቱ የተመረቁ ቋሚ መምህራን ያሉት ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ልጅዎ ቤት ውስጥ ጸጥ ያለ የማጥኛ ቦታ ካላት፣ ራሷን ችላም የምታጠና ከሆነ፣ ደብተሩ ካረካዎ፣ የመንግሥቱን ልንመርጥ እንችላለን። ለወርሃዊ ክፍያ የሚወጣው ብር ከፊሉ ለመጻሕፍትና ለሚያስፈልጋት አንድ ትምህርት ማጠናከሪያ ይውላል። ተቆጣጣሪ ካልቆመባት የማታጠና ብትሆን ግን ምክራችን ይለወጥ ነበር።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የግሉ ትምህርት ቤት እስከ 12ኛ ፈቃድ አለው? 10ኛ ላይ የሚያቆም ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ፍለጋ እንደገና ይጀምራሉ። እስከ 12ኛ ካለውም 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ሁለቱንም ይከፍት እንደሆነ ይጠይቁ። ተፈጥሮ ሳይንስን ብቻ የሚከፍት ቤት ውስጥ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ የምትወድ ልጅ ወይ ትለቃለች ወይ የማትፈልገውን ትማራለች። ፈቃዱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ካልተሰቀለ ከከተማው ትምህርት መምሪያ ማጣራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከሻሸመኔ ወደ ሀዋሳ ልንዛወር ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አግኝቻለሁ። ልጄ እስከ 8ኛ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ይናገራል፣ እንግሊዝኛው ደካማ ነው። 9ኛ ክፍል ሁሉም በእንግሊዝኛ ከሆነ ይወድቅብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ዓመት ቢደግም ይሻላል? (የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ይድገም አንልም። 8ኛን እዚያው ሻሸመኔ ቢደግም ያንኑ በዚያው ቋንቋ ነው የሚማረው፤ እንግሊዝኛው ባለበት ይቆያል። የሚጠቅመው ክረምቱን መሥራት ነው። ልጅዎ ሒሳቡንና ሳይንሱን ያውቀዋል፣ የጎደለው የነገሩ የእንግሊዝኛ ስም ነው። እኩልታን ይፈታል፤ መምህሩ «ኢኩዌሽን» ሲል ግን ምን እንደተባለ እስኪገባው ሰሌዳው ይደመሰሳል።

ስለዚህ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ለ7 ሳምንት ያህል እንዲህ ቢያደርግ፦ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ፣ የፊዚክስና የባዮሎጂ መጻሕፍትን ስልክ ላይ ያውርድ፤ የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት በፒዲኤፍ በነፃ ይገኛሉ። በቀን 10 ቃል ከመጽሐፉ አውጥቶ በሦስት ዓምድ ይጻፍ፦ እንግሊዝኛው፣ በአፋን ኦሮሞ የሚያውቀው ስም፣ ከዚያ አንድ ምሳሌ ወይም ሥዕል። በሳምንት አምስት ቀን ከሠራ መስከረም ላይ 350 ቃል ይኖረዋል። በተጨማሪ በየቀኑ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብና መጽሐፉን ዘግቶ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ልጅ የሚሸሻት ናት፤ የሚሻሻለው ግን በእሷ ነው። ሰዋስው ብቻ የሚያስጠና የክረምት ኮርስ ላይ ብር አያፍሱ።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ መምህሩ ሲያስረዳ አማርኛ ያቀላቅል እንደሆነ ይጠይቁ። ለልጅዎ የመጀመሪያውን መንፈቅ ይረዳዋል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ማስታወሻውም በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ከተማ ስለሆነች ሲዳምኛ እንደ ትምህርት ለሚሰጥበት ክፍል ከሌላ ክልል የመጣን ልጅ እንዴት እንደሚያስተናግዱት ከምዝገባ በፊት ይነጋገሩ፤ ውጤት ሪፖርት ካርድ ላይ ከገባ በኋላ ማስተካከል ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የግል ትምህርት ቤት አቅሜ ይችል አይችል በምን ላውቅ? ለምዝገባስ ምን ልያዝ? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የአንድ ወር ክፍያ አይቶ መወሰን ነው ልጅን 11ኛ ክፍል ላይ የሚያስወጣው። አራቱን ዓመት አስሉት። ለምሳሌ በወር 2,500 ብር ለ10 ወር ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት 25,000 ነው። በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር አራቱ ዓመት ወደ 124,800 ብር ይደርሳል። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ መጻሕፍትና ሰርቪስ ገና አልገቡበትም። ጭማሪው ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት እንደነበር የነባር ተማሪዎችን ወላጆች ጠይቁ፤ ደረሰኝ አላቸው። ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ትልልቅ ልጆች በብስክሌት ቢሄዱ ከባጃጅ ይቀላል፤ ዋናውን አስፋልት የሚያቋርጡ ከሆነ ግን መንገዱን ቅዳሜ ሳይሆን በሥራ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብራችሁ ሂዱበት።

ለምዝገባ የሚኒስትሪ ውጤት፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሪፖርት ካርድ፣ ከነበረበት ትምህርት ቤት መሸኛ፣ የልደት የምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶ ያዙ። ዋናውን አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ። የልጁ ስም በእንግሊዝኛ በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አሁኑኑ አመሳክሩ። የተለየ ካለ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ተመልሳችሁ አሳርሙ፤ ነሐሴ ላይ ጸሐፊዋም መዝገቡም እዚያው ናቸው። 12ኛ ክፍል ለፈተና ሲመዘገብ ከሆነ የሚታወቀው፣ አራት ዓመት ወደ ኋላ የሚያስኬድ ጣጣ ይሆናል።